አራት ሚሊ ሜትር

ረሆቮት፣ የግብርና ፋኩልቲ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በር ዘጠኝ፤
ብርጭቆ አጣቢ አድርገው ነው መጀመሪያ የቀጠሩኝ።
ኋላ የክፍሉ ኃላፊ ሂላ፣ እጄ እንደማይንቀጠቀጥ አየች፤
አንድ ቀን «ፒፔት ያዢ» ብላ፣ ጋዋኗን አውልቃ ሰጠች።
አንዳንድ ሹመት እንዲህ ነው፣ ደብዳቤም ጭብጨባም የለው፤
የሌላ ሰው ሙቀት ነው፣ እጅጌው ውስጥ የምታገኚው።

ጠዋት ቅጠል ይመጣል፣ ከገበያ፣ ከማሳ፤
ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ፐርሰሜሎ፣ ጤዛውን ገና ያልረሳ፤
ደግሞ አንድ አለ፣ ምላስ የሚለበልብ፣ ጠርዙ በመጋዝ የተበላ፤
እዚህ አገር ስሙ ሮኬት ነው። መጀመሪያ የሰማሁ ለታ
ቅርጫቱን ጥዬ ልሮጥ ነበር፣ ወደ ምድር ቤቱ ከለላ።
ሂላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፣ ላቤን ጠርጌ፣ በኋላ።

በአርባ ዲግሪ እናደርቃለን፣ እንፈጫለን፣ በአልኮል እንዘፈዝፋለን፤
ሲያድር አረንጓዴው ይለቃል፣ በወረቀት እናጠልላለን።
ከዚያ ወዲያ ነው ነገሩ።

አንድ ሐምራዊ ውህድ አለ፣ ጥማዱ የሞተበት በሬ የመሰለ፣
አጣማጅ ያጣ ኤሌክትሮን ይዞ፣ ካገኘው ሲነጥቅ የዋለ።
በእኛም ገላ ዘመዶቹ አሉ፣
እንደ ዝገት ቀስ ብለው የሚበሉ።
ቅጠሉ ግን ካለው ቆርሶ «እንካ፣ በቃህ» ይለዋል፤
ሐምራዊው ይሳሳል፣ ይሳሳል፣ ገለባ መስሎ ቢጫ ይሆናል።
ሠላሳ ደቂቃ፣ በጨለማ። ሰዓት ይዤ እጠብቃለሁ፤
የሰው ቁጣም እንዲህ በመሣሪያ ቢነበብ ምናለ እላለሁ።

የባክቴሪያው ሌላ ነው። ሳህን ላይ እንደ ጤፍ በትነን፣
በጭማቂ የራሰች ክብ ወረቀት መሐሉ ላይ አድርገን፣
ሠላሳ ሰባት ዲግሪ፣ የሰው ብብት ሙቀት፣ አንድ ሌሊት።
ጠዋት መክፈት።
ጭማቂው ከሠራ፣ በወረቀቷ ዙሪያ ጥርት ያለ ቀለበት ይቀራል፤
ካልሠራ፣ ነጩ አረም እስከ ደጃፏ ይደርሳል።
ሰላጣው ምንም።
ቆስጣውም፣ ካላጋነንኩ፣ ምንም ማለት ይቻላል።

አያ ገብያው ቂርያት ሞሼ ነው፣ ከእኔ በላይ ሁለት ፎቅ፤
በተጣለ የልብስ ማጠቢያ ከበሮ ሮኬት ዘራ፣ ጎረቤት እስኪስቅ።
በዳቦ ላስቲክ አምጥቶ፣
«የባለ ማሳውን ትመረምራላችሁ» አለኝ፣
«የኔንስ ማን ይይልኝ?»

ያለ ፈቃድ የገባ ቅጠል ነው፤ ለቁጣ ተዘጋጅቼ ነበር።
«ገ አንድ» ብዬ ለጠፍኩበት፣ ከሌሎቹ መሐል ቢሰወር።
ሂላ አየችው፣ ዝም አለች፤
በማግስቱ ደብተሬ ላይ «ሦስት ጊዜ ድገሚው» ብላ ጻፈች።

አራት ሚሊ ሜትር። አራት።
ደግሞ አራት፣ ጠርዙ ትንሽ ፈራ ተባ ያለበት።
የፋብሪካው መድኃኒት እዚያው ጎን ሃያ ሁለት አለው፤
እሱንም ጻፍኩ። ደብተር የሚታመነው የማይወዱትንም ሲይዝ ነው።

ማታ ደረጃ ወጥቼ ነገርኳቸው። «ሳህን ላይ ነው፣ ሰው ላይ አይደለም፤
የግፊት ክኒንዎን እንዳይተዉ፣ ይህን በልቶ የዳነ የለም።»
«ስፋቱን አሳዪኝ» አሉኝ። በጥፍሬ ለክቼ አሳየሁበት።
መነጽራቸውን ፈልገው አጠለቁ፤ ጥፍሬን ቀርበው አዩ፣
ሰው ድንበሩን እንደሚያይበት።

«ታዲያ እዚያ ውስጥ ሌላ አይገባም?»
«አይገባም።»
«ቅጠሉን ነቅሎ የሚያስነሣም?»
«የለም።»
«ግብር የሚጠይቅስ?»
ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

«አባቴ ወገራ በሰው መሬት አርሶ፣ በሰው መሬት ተቀበረ፤
አራት ሚሊ ሜትርም ርስት ነው።»
እጃቸው ጆጉን አነሣ፤ ከበሮውን ማጠጣት ጀመረ።

ሳህኖቹን በማግስቱ በእንፋሎት ቀቅለን እንደምንጥል፣
ደንቡ ስለሆነ፣
አልነገርኳቸውም።